በፎጣ ሥር የተሸጠ ጋቢና

ኡስታ እንድሪስ በአልጋቸው ላይ ሆነው ሞቱ ሲሉኝ መጀመሪያ አላመንኩም። እሳቸው የሚሞቱት በወንዝ ነው፤ በወንዝ ካልሆነም ከነመኪናቸው ገደል ገብተው ነው ብለን ስንቶቻችን ስንተነብይ ኖረናል! ሰላሳ ዓመት ሙሉ ከገለጉ እስከ ገንዳ ውኃ ጭቃ ሲያቦኩ የኖሩ ሹፌር፣ በስኳር በሽታ፣ ሽንፋ ቤታቸው ውስጥ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ ዐረፉ። ዜናውን በስልክ የነገረኝ የሽንፋ ባለሱቅ "ኢና ሊላሂ" አለ። እኔ ጎንደር ገበያ መሐል ቆሜ "ኧረ ተው! ኧረ ተው እንጂ!" እያልኩ ስጮኽ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። አዘንኩ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ተናደድኩም። ከሰውየው ጋር ስምንት ዓመት ያደረ ያልተቋጨ ጠብ ነበረኝ። አሁን ከማን ጋር ልቋጨው ነው?

በማግሥቱ ለቅሶ ወረድኩ። እዚያ የሰማሁትን ኋላ እነግራችኋለሁ። አስቀድማችሁ ሰውየውን ማወቅ አለባችሁ፤ አለዚያ ጠቡም አይገባችሁም።

"ኡስታ" ሱዳኖች ሙያ የጨረሰ ሹፌርን ወይም መካኒክን የሚጠሩበት ነው፤ በእኛም ቆላ ለሳቸው እንደ ስም ሆኖላቸው ቀረ። አጭር ሰው ነበሩ። መሪው ላይ ሲቀመጡ ከሩቅ የሚታየው ነጭ ቆባቸው ብቻ ስለነበር "መኪናዋ ብቻዋን መጣች" እያልን እንስቅ ነበር። ግራ ክንዳቸው ከመስኮት ውጪ ፀሐይ ሲጠብሰው ኖሮ ከቀኙ ይልቅ ጠቁሯል። ከትከሻቸው አረንጓዴ ጠርዝ ያላት ፎጣ አትጠፋም። በዚያች ፎጣ ላብ ይጠርጋሉ፣ የጋለ የራዲያተር ክዳን ይከፍታሉ፣ ዳቦ ይጠቀልላሉ፣ ጋቢናም ይሸጣሉ።

አዎ፣ ጋቢና ይሸጣሉ። እኔ ያኔ ገለጉ የሒሳብ መምህር ነበርኩ። ክረምት ሲገባ አውቶቡስ ይቀራል፤ ከቋራ መውጣት የፈለገ ሁሉ የኡስታ እንድሪስን ጭነት መኪና ይጠብቃል። ሰዉ ጆንያ ላይ ይወጣል፤ ከላይ ዝናቡ፣ ከጎን የግራር እሾህ። እኔ ራሴ አንዴ ቅርንጫፍ ጆሮዬን ቀዶኝ ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ "መምህር፣ ከማን ጋር ተጣልተው ነው?" ብለውኛል። ደረቁ ቦታ ጋቢና ነው፤ እሱንም ለአንድ ሰው ብቻ ነበር የሚሰጡት። ታዲያ ያችን አንድ ቦታ ለማን ይስጧት? ለዘመድ? ለባለሥልጣን? ኡስታ እንድሪስ በጨረታ ይሰጧት ነበር።

ጨረታውም የጤና አልነበረም። በወጣትነታቸው ከድንበሩ ማዶ ከግመል ነጋዴዎች ጋር ሠርተዋል፤ ልማዱን ያመጡት ከዚያ ነው። መነሻችን ሲደርስ የመኪናው መወጣጫ ላይ ይቀመጡና ቀኝ እጃቸውን በፎጣው ይሸፍናሉ። ጋቢና የሚፈልግ ሁሉ በየተራው እጁን ከፎጣው ሥር ይሰድና ጣታቸውን ይይዛል። አንድ ጣት መቶ ብር ነው፤ ሙሉ እጅ አምስት መቶ። ቃል አይወጣም። ሁለተኛ ዕድል የለም። ሁሉም ሲጨርስ "ኸላስ!" ይላሉ፣ አበቃ ማለታቸው ነው፤ የአሸናፊውን ስም ይጠራሉ። ስንት እንዳለ ግን ትንፍሽ አይሉም። አሸናፊውም ሆነ ተሸናፊው ዋጋውን ያወራ እንደሆነ ሁለተኛ እጁን አይቀበሉትም። ብሩ የሚከፈለው ከደረሱ በኋላ ነው። የተሸነፈ ምንም አይጎድልበትም፤ ጆንያው ላይ ወጥቶ መንገዱን ይሄዳል።

የሒሳብ አስተማሪ ነኛ! አላስችለኝ አለ። "ኡስታ፣ በግልጽ ቢያጫርቱ ይሻልዎታል፤ አንዱ የሌላውን እየሰማ ይጨምርልዎት ነበር" አልኳቸው አንድ ቀን።

ቀና ብለው አዩኝ። "ያ መምህር" አሉኝ፣ 'አንተ መምህር' ሲሉ በሱዳኖች አጠራር። "ሰው እየተሰማ ሲጫረት ለወንበሩ አይደለም የሚጫረተው፤ ለኩራቱ ነው። እኔ የምሸጠው ወንበር ነው።"

ተረትቼ ወደ ጆንያዬ ወጣሁ። መረታት ደግሞ አልወድም።

ትልቁ ጉድ ግን ሌላ ነው። ኡስታ እንድሪስ ረዳት አይቀጥሩም ነበር። በዚያ መንገድ ደግሞ ያለ ረዳት አይሆንም፤ በበጋ አሸዋ የነበረው ሁሉ በክረምት ወንዝ ሆኖ ይጠብቅሃል። መኪናው ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ዘንግ ይዞ፣ ጥልቀቱን እየለካ መሻገር አለበት። ማን ይሆናል? ጋቢናውን ያሸነፈው!

"ረዳት ብቀጥር የድኻ ልጅ ለደሞዝ ብሎ ወንዝ ይገባልኛል" ይሉ ነበር። "ምቾቱን የገዛ ሰው ወንዙንም በገዛ እግሩ ይለካ።"

የገመዱ ሌላኛው ጫፍ ከመኪናው ጋር አይታሰርም፤ የሚታሰረው ከሳቸው ከራሳቸው ወገብ ጋር ነው። "መኪና ስትወድቅ አያውቅልህም" ይላሉ። እኔም አንዴ በክረምቱ መግቢያ አሸንፌ ጉልበት የማይደርስ ውኃ ለክቻለሁ። ጎርጎራ፣ ጣና ዳር ስላደግኩ በዋናተኛነቴ ስጎርርባቸው "እሺ፣ የጎርጎራ ዓሣ" ብለው ሳቁብኝ።

አንድ ጊዜ ከአብደራፊ የመጣ የሰሊጥ ባለሀብት ጋቢናውን አሸነፈ። ወንዙ ጋ ስንደርስ "እኔ? በዚህ ጫማ?" አለ። ኡስታ እንድሪስ አልተከራከሩም። ሞተሩን አጠፉ፤ ፎጣቸውን ከመኪናው ሥር አነጠፉና ጋደም አሉ። "ኧረ ኡስታ፣ ይመሽብናል!" ብንል "ቀስ ያለ ይደርሳል፤ የቸኮለ ይወራለታል" ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ባለሀብቱ ሁለት ሰዓት ሙሉ ወዲያ ወዲህ ሲል፣ ሲሳደብ፣ ኔትወርክ ፍለጋ ስልኩን ወደ ሰማይ ሲያነሣ ቆይቶ በመጨረሻ ሱሪውን አውልቆ ገባ። እኛ ከላይ ሆነን በሳቅ ሞትን። የሚገርመው፣ በሌላው ጉዞ ተመልሶ መጥቶ ተጫረተ፤ ለዚያውም ቁምጣ ለብሶ።

እንግዲህ ሰውየው እኚህ ናቸው። አሁን ወደ ጠባችን።

ሐምሌ ነበር። ጎንደር ሄጄ ለክረምት ትምህርት መመዝገብ ነበረብኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ሲዘንብ ሰንብቶ፣ በአራተኛው ቀን ኡስታ እንድሪስ ማሽላ ጭነው ገለጉ ገበያ ዳር ቆሙ። ከዚህ በኋላ ለሳምንት መኪና የለም ተባለ። ተራዬ ሲደርስ እጄን ከፎጣው ሥር ሰደድኩ። ሙሉ እጃቸውን ያዝኩ፤ ለቀቅኩና አንድ ጣት ጨመርኩ። ስድስት መቶ ብር! ለእኔ ደሞዝ ቀልድ አልነበረም፤ ግን ጆሮዬ ትዝ አለኝ። ከእኔ በኋላ ሁለት ነጋዴዎች ተጫረቱ። ኡስታ እንድሪስ "ኸላስ" ሊሉ ሲሉ ከገበያው ጫፍ ጩኸት ሰማን።

አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው በጭቃው እየሮጡ ይመጣሉ። ቃሬዛው ላይ አትጠገብ የምትባል ወጣት ሴት ተኝታለች፤ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። ሕፃኑ በአግድም ተኝቷል፣ በቶሎ ሆስፒታል ገብታ ኦፕራሲዮን ካልሆነች እናትም ልጅም አይተርፉም ተብሏል። አምቡላንስ ተጠርቶ ነበር፤ ግን ከወንዙ ማዶ ቆሟል፣ ውኃው አላሳልፍ ብሎታል። እስከዚያ የሚያደርሳት መኪና ይኼው አንዱ ነው። ጆንያ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለች ሴት አትወጣም። "አንድ የመንገድ ጉድጓድ ይገድላታል" አለች አብራት የመጣች ጎረቤቷ፣ ራሷን ይዛ።

ባሏ አንሙት ይባላል፤ ከጎጃም ደጋ መጥቶ ማሽላ ማረስ የጀመረ ገበሬ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል። ሰዉ "ጋቢና በጨረታ ነው፤ እጅህን ከፎጣው ሥር ስደድ፣ አንድ ጣት መቶ ነው" እያለ በጆሮው ነገረው።

"ኧረ ምን ጨረታ! ዝም ብለው ያስገቧት!" አለች አንዲት ነጋዴ።

"ጨረታው አልተዘጋም። ይምጣ" አሉ ኡስታ እንድሪስ።

አንሙት እጁን ሰደደ። የሌላው ሰው እጅ ከፎጣው ሥር ሁለት ሦስት ትንፋሽ ነው የሚቆየው፤ የእሱን ግን አለቀቁትም። እንደያዙት "ከየት ነህ?" አሉት።

"ከጎጃም፣ ከደጋው።"

"እዚህ ስንተኛ ክረምትህ ነው?"

"የመጀመሪያየ ነው፣ ጌታው።"

ለቀቁት። ፎጣውን ከእጃቸው ሳያነሡ ሁላችንንም አንድ በአንድ አዩን። እኔ ላይ ሲደርሱ ቆዩ።

"ኸላስ" አሉ። "መምህር።"

ገበያው ተንጫጫ። "እግዜርን አይፈሩም?" አለ አንዱ። ነጋዴዋ እርግማኗን አወረደችው። አንሙት አልጮኸም፤ ብቻ እጁን፣ ያንን ከፎጣው ሥር የነበረውን እጁን፣ ገልብጦ ያየዋል። አትጠገብ ቃሬዛው ላይ ሆና ጥርሷን ነክሳ ታቃስታለች።

ኡስታ እንድሪስ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "ጋቢናው የመምህር ነው። የሚሰጥ ከሆነ እሱ ይስጥ። እኔ በሰው እጅ አልጸድቅም።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ወገኖቼ፣ እንዲያው ወዲያው ሰጠሁ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ወዲያው አልሰጠሁም። እስከ አሥር የሚያስቆጥር ጊዜ ቆምኩ። ዝናቡን አሰብኩ፣ እሾሁን አሰብኩ፣ ምዝገባውን አሰብኩ፤ ከሁሉም በላይ ግን ንዴቱ ያዘኝ። ለምን እኔ? መኪናው የሳቸው፣ ውሳኔው የሳቸው፤ በገበያ መሐል እኔን ለምን እንደ ሌባ ያቆሙኛል? ሲያዩኝ አየኋቸው። ላባቸው ከግንባራቸው ወርዶ ዓይናቸው ውስጥ ገባ፤ ፎጣው እጃቸው ላይ እያለ አልጠረጉትም። ምን ዓይነት ድርቅ ያለ ሰው ነው አልኩ በልቤ።

"ትግባ!" አልኩ በመጨረሻ። ስናገረው ድንጋይ እንደሚወረውር ሰው ነበርኩ። "ትግባ አልኩ! ምን ታዩኛላችሁ?"

ኡስታ እንድሪስ ፎጣቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና ቃሬዛውን ለመቀበል ተነሡ። አላመሰገኑኝም። አትጠገብን ጋቢናው ውስጥ አጋድመው፣ ጎረቤቷን ከእግሯ ሥር አስቀመጡ። ለእኔ ያሉኝ "ከጋቢናው ራስ ላይ ባለው ጆንያ ተቀመጥ፤ ጣሪያውን ስመታው እንድትሰማ" ብቻ ነው።

ያ መንገድ እስካሁን በሕልሜ ይመጣል። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር የአትጠገብ ጩኸት በቆርቆሮው አልፎ ከሥሬ ይሰማኛል። አንሙት ከጎኔ ተቀምጦ በጮኸች ቁጥር ጆንያውን በጡጫ ይመታል። "ማርያም፣ ማርያም" ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም። መንገዱ እየተጋመሰ ሲመጣ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ "መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያን ያህል ገንዘብ አውጥተው..." አለኝ።

"ተወው" አልኩት። ስድስት መቶ ብር ለእሱ ምን ያህል ይሆን ብዬ አፈርኩ።

ወንዙ ጋ የደረስነው አሥር ሰዓት ግድም ነው። ውኃው ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ፣ ደፍርሶ፣ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ከማዶ የአምቡላንሱ ነጭ ጣሪያ ይታያል፤ ሁለት ሰዎች ዳሩ ላይ ቆመው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ድንጋይ ብትወረውር ይደርሳል፤ ሰው ግን አይደርስም። ከደጋ እየዘነበ ስለነበር ውኃው ገና ይጨምራል። ጎረቤቷ አንገቷን በመስኮት አውጥታ "ደም ጀመራት! ኧረ ቶሎ በሉ!" አለች።

ኡስታ እንድሪስ ወርደው ገመዱን አወጡ። የአንዱን ጫፍ ወገባቸው ላይ አሰሩ። ሌላኛውን ጫፍ ይዘው ቆሙ። ከላይ ያለው ሰው ሁሉ ሕጉን ያውቃል።

አንሙት ዘሎ ወረደ። ሸሚዙን እያወለቀ፣ "ጋቢናው የሚስቴ ነው፤ ወንዙ የእኔ ነው። ይሰሩኝ" አለ።

"ዋና ትችላለህ?"

"አልችልም። ቢሆንም እገባለሁ።"

"ልበስ" አሉት። ከዚያ ገመዱን ወደ ላይ፣ ወደ እኔ ዘረጉት። "መምህር፣ ውረድ።"

ጆሮዬን አላመንኩትም። "እኔ? ጋቢናውን ሰጥቻለሁ እኮ!"

"ወንበሩን ነው የሰጠኸው። ጨረታውን ያሸነፍከው አንተ ነህ።"

"ዝናቡም የእኔ፣ ወንዙም የእኔ? ይኼ ግፍ ነው፣ ኡስታ!"

"ነው" አሉ ዓይናቸውን ሳይሰብሩ። "ግፍ ነው። ውረድ።"

እንዲያ ያለ መልስ የሚሰጥ ሰው ምን ይሉታል? ቢከራከሩኝ እከራከር ነበር። ከሥሬ አትጠገብ ጮኸች፤ ይኼኛው ጩኸት ከቅድሙ የደከመ ነበር፣ እሱ ነው ያስፈራኝ። ወረድኩ። ወገቤን አሰሩኝ። "አሸዋ ካገኘህ ዘንግህን ወደ ላይ አንሣ። ጉድጓድ ከሆነ ወደ ጎን ዘርጋው። ዘንግህን እየተከተልኩ ነው የምነዳው" አሉኝ።

ውኃው ጉልበቴን፣ ወገቤን፣ ደረቴን አለ። እግሬ ሥር አሸዋው ይሸሻል። ዘንጉን እተክላለሁ፣ አንድ እርምጃ፤ እተክላለሁ፣ አንድ እርምጃ። መሐል ላይ ስደርስ ከኋላ "ግንድ! ግንድ!" ሲሉ ሰማሁ። ዞር ከማለቴ ጎኔን መታኝ። ሰመጥኩ። የዋና ትምህርት፣ ጎርጎራ፣ ጣና፣ ሁሉም ጠፋኝ፤ አፌ አፈር ሞላ። ገመዱ ወገቤን ሊቆርጠኝ እስኪደርስ ተወጠረና ያዘኝ። ብቅ ስል መጀመሪያ ያየሁት ኡስታ እንድሪስን ነው። እሳቸውም ተጎትተው ደረታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ገብተዋል፤ ቆባቸው ሄዷል። ከኋላቸው አንሙት፣ ያ ዋና የማይችለው፣ ጀለቢያቸውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ቆሟል።

"እግርህን ትከል!" አሉኝ። "ይዤሃለሁ! ትከል!"

ተከልኩ። ማዶ ስወጣ በአራት እግሬ ነበር። ገመዱን ፈትቼ፣ ዘንጉን ይዤ፣ መንኮራኩሩ የሚያልፍበትን አሸዋ እያመለከትኩ ተመልሼ ወገቤ ድረስ ገባሁ። መኪናው ገባ። ውኃው በሩን መታው። መሐል ላይ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አሳለ፤ ደግሞ አገሣ፣ ወጣ። የአምቡላንሱ ሰዎች አትጠገብን ሲቀበሏት ፊቷ እንደ ወረቀት ነጭቶ ነበር። ከባሏ ጋር ይዘዋት በረሩ። በሦስተኛው ቀን እናትም ልጅም ተርፈዋል፣ ሴት ልጅ ናት የሚል ወሬ ሰማን።

ገንዳ ውኃ ስንደርስ ስድስት መቶ ብሬን አውጥቼ ለኡስታ እንድሪስ ዘረጋሁ። በንዴት ነው የዘረጋሁት። ፎጣቸውን ሰጡኝና "ራስህን አድርቅ" አሉኝ።

"ብሩን ይቀበሉ እንጂ! ጨረታውን አሸንፈሃል አላሉኝም?"

"አልተቀመጥክበትም።"

"ታዲያ ወንዙን ለምን አስለኩኝ?"

ጎንበስ ብለው ጎማቸውን መፈተሽ ጀመሩ። ፎጣውን ጋቢናው መወጣጫ ላይ ጥዬላቸው ሄድኩ። በዓመቱ ወደ ጎንደር ተዛወርኩ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ መንገድ ላይ ተገናኝተናል፤ ሰላምታ ሰጡኝ፣ ሰላምታ ሰጠሁ፣ አለቀ። ታሪኩን ግን በየመሸታ ቤቱ፣ በየመምህራን ክፍሉ አወራሁት። ጋቢና አሸንፌ፣ ለምጥ ለያዛት ሴት ሰጥቼ፣ ጨክነው ወንዝ የከተቱኝ ሰውዬ ነበሩ እያልኩ። በታሪኩ ውስጥ ጀግናው ማን እንደሆነ አይጠፋችሁም።

ሽንፋ ለቅሶ ቤት ስደርስ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ሹፌሩም ገበሬውም። ምንጣፍ ላይ ቁጭ እንዳልኩ አንድ ጠና ያለ ገበሬ መጥቶ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። አንሙት ነው! ተቃቀፍን። አትጠገብ ደህና ናት፤ ልጅቱ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች፤ እሱ ዘንድሮ ሰሊጡ ሰምሮለታል። ስለ ሟቹ ብዙ አወራን። ኋላ ግን ፈገግ ብሎ፣ "መምህር፣ ይቅር ይበሉኝና፣ እኔ እርስዎን እስከ ዛሬ ባለጠጋ ነበር የሚመስሉኝ" አለኝ።

"እኔ? በመምህር ደሞዝ?"

"ሺህ ብር በልጠው የወሰዱ ሰው ምን ልበልዎት?"

"የምን ሺህ ብር?"

አንሙት ግራና ቀኝ አየ። ዋጋ ማውራት ነውር መሆኑ ትዝ ብሎት ነው፤ ግን ሕጉን የሚያስከብረው ሰው ተቀብሯል። "እኔ ያኔ ሁለት ጊዜ ሙሉ እጃቸውን ነው የያዝሁ" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ሁለት ጊዜ። ጎረቤት አዋጥቶ የሰጠኝን እንዳለ። ጣታቸውን ይዠ እንዲያ ስጨምቃቸው ሕመሙ ታውቋቸዋል። ከዚያ 'መምህር' ሲሉ፣ እኒህ ሰውየ ምን ያህል ቢሉ ነው ብየ..."

"ስድስት ነበር" አልኩት። "አንሙት፣ እኔ ስድስት ጣት ነው ያልኩት።"

ተያየን።

"እንግዲያ እኔ ነበርሁ ያሸነፍሁ?" አለ አንሙት። "ለምን ደበቁኝ? ምን በድያቸው?"

"አንተ ብታሸንፍ ወንዙ የአንተ ነበር" አልኩት። ስናገረው ነው ለራሴም የገባኝ። "ከደጋ የመጣህ፣ የቆላ ወንዝ ስታይ የመጀመሪያህ። እዚያ ከነበርነው መሐል ዋናተኛ መሆኑን የሚያውቁት አንድ ሰው ነው።"

አንሙት ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። እኔም አላስቻለኝም፤ እንባዬ መጣ። ስምንት ዓመት ሰጠሁት እያልኩ ስኩራራበት የኖርኩት ወንበር አንድ ቀን እንኳ የእኔ ሆኖ አያውቅም። ሰላሳ ዓመት በታማኝነት ያጫረቱ ሰው አንዲት ቀን ዋሹ፤ ለዚያች ውሸት የገበያውን እርግማን ተቀበሉ፣ የእኔን ስድብ ተቀበሉ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ሞቱ። በቀጥታ "መምህር፣ እባክህ ለማታውቃት ሴት ወንዝ ግባ" ቢሉኝስ? እንደማልገባ አውቃለሁ። እሳቸውም አውቀዋል።

ያ ላባቸው መጣብኝ። እስከ አሥር ስቆጥር ዓይናቸው ውስጥ የገባው፣ ያልጠረጉት ላብ። ድርቅና መስሎኝ ነበር። ለካ ያቺን ሴት በእኔ በአንዱ እሺታ ላይ አስይዘው፣ ከነሕፃኗ፣ ምን እንደምል እየጠበቁ ነበር።

"ባልሰጥስ ኖሮ?" አልኩ። ለአንሙት ይሁን ለሟቹ አላውቅም። "አንሙት፣ ባልሰጥስ ኖሮ እናትና ልጅ ምን ሊሆኑ ነበር?"

አንሙት ጋቢውን ከፊቱ ላይ ገለጠ። እንባውን በእጁ ጀርባ ጠረገና እጄን ያዘ።

"ሰጡ እኮ፣ መምህር" አለኝ።